ማን ደፋው?

ሕፃናት ባሉበት ቤት ከጸሎት ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማው ቃል የትኛው ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ እኛ መልሱን ለማግኘት አንቸገርም፤ «ማን ደፋው?» የሚለው ነው። ውኃው ከነጆጉ ይደፋል፤ ወተቱ ገና ሳይፈላ ይደፋል፤ ተልባው ከነሰፌዱ፣ ቡሖው ከነዕቃው ይገለበጣል፤ ለወሩ ዝክር የተጠመቀውን ጠላ እንኳ ሳይቀር መሬት ትቀምሰዋለች። ጥያቄው ግን መልስ አግኝቶ አያውቅም። ደፊው በእግሩ እርጥበትና ባልተለመደ ጨዋነቱ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ ሁሉም በየተራው «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ያልተጠየቀውም ምስክር ሆኖ ይቀርባል። በዚህ ዓይነት ቀኑ ይመሻል።

ልጆቻችን ሦስት ናቸው። ልንተርክላችሁ ያሰብነው ነገር በሆነበት በ2007 ዓ.ም. ታላቂቱ የዘጠኝ፣ መካከለኛው የስድስት፣ ታናሹ የሦስት ዓመት ልጆች ነበሩ። የምንኖረውም በደብረ ብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ስሟን ከብርሃን ጋር ቢያያይዙትም፣ እንግዳ ሰው ከተማችንን ቀድሞ የሚያውቃት በብርዷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሌላ ምን ይጠበቃል? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሰማዩ ጠርቶ ያደረ እንደ ሆነ፣ ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካው በዚህ የተተከለው ደንበኛ ፍለጋ ሩቅ ላለመሄድ ነው እያልን እንቀልዳለን።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የልጆቻችን አያት ከአንኮበር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። አንኮበር ከእኛ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ቈላው ቁልቁል በሚታይበት ጫፍ ላይ የቆመች የቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ናት። እናታችን ከዚያች ጫፍ ቆመው የአፋርን ሜዳ ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ግን ነጭ ጤፍ ከሠርገኛ መለየት ተስኗቸዋል። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን ነግሮ፣ በቀዶ ጥገና ሊነሣ እንደሚችል አስረዳ። እርሳቸውም በትሕትና ሰምተው ከወጡ በኋላ፣ «ቢላዋ በዓይኔ? እስቲ ልሰንብት» አሉና ነገሩ በዚያው አደረ።

አያት ወደ ቤት ሲገባ የቤት ሥርዓት ይለወጣል፤ አብዛኛው ለውጥ ደግሞ ለመልካም ነው። አንድ ቀን መካከለኛው ልጃችን ሽምብራ በአፍንጫው ከተተ። ለምን እንደ ከተተ ሲጠየቅ፣ «ይገባ እንደ ሆነ ለማየት» ሲል መለሰ። ከእኛ አንዳችን ወረንጦ ፍለጋ መሳቢያ ስንከፍት፣ ሌላችን ልጁን ጋቢ አልብሰን ወደ ጤና ጣቢያ ልንሮጥ ስንዘጋጅ፣ እናታችን «ተዉ! ወረንጦ ገፍቶ ወደ ውስጥ ይጨምረዋል» ብለው ልጁን ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያም ባዶውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣታቸው ደፍነው፣ አፋቸውን በአፉ ላይ ገጥመው ድንገት እፍ አሉበት። ሽምብራው ተወርውሮ ከረከቦቱ ላይ አረፈ። ኋላ ይህን ለአንድ ሐኪም ብንነግረው አልሳቀብንም፤ ሐኪሞችም ራሳቸው እናቲቱን አስቀድመው የሚያስሞክሩት ይህንኑ ነው አለን። ጥራጥሬ በእርጥበት ስለሚያብጥ መዘግየት አይገባም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ካለም ወደ ሐኪም መውሰድ ነው እንጂ በቤት መታገል ደግ አይደለም። ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሳምንት ያህል ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታሪኩን በኩራት ሲናገር ሰነበተ።

አሁን ወደ ኅዳሩ ሌሊት እንምጣ።

ውርጩ እጅግ የበረታበት ሌሊት ነበር። እናታችን እንደ ልማዳቸው ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ተነሥተው፣ የልጆቹን እግር ቢዳስሱ እንደ በረዶ ሆኖ አገኙት። በዚህን ጊዜ ከማድ ቤት የከሰሉን ምድጃ አወጡ፤ በአመድ የተዳፈነውን ፍም ገልጠው አዲስ ከሰል ጨመሩበት፤ በደጅ አቆይተውም ቀልቶ ጭሱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ከልጆቹ ጋር ወደሚተኙበት ክፍል አገቡት። በርም ዘጉ። በእርሳቸው አስተዳደግ ጭሱ የጠፋ ፍም የሚወቀስበት ነገር የለውም። ተወልደው ያደጉበት የአንኮበር ቤት ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ምድጃው በመካከል ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ቢነድ የሚወጣው ሁሉ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይሄዳል። ማለዳ ከሩቅ የሚያየው ሰው ቤቱ የሚተነፍስ ይመስለዋል። የእኛ ቤት ግን ቆርቆሮ ክዳን፣ ከሥሩም ኮርኒስ አለው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ መስኮቱም መስተዋት ነው። ብርድ እንዳይገባበት የተሠራ ቤት፣ ከውስጥ ያለውንም እንዳይወጣ ይዞ ያስቀራል።

እኛ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተን ሳለን ባልዲ ሲገለበጥና ውኃ ሲፈስ ሰማን። እንቅልፍ ሳይለቀን፣ ከአልጋችን ሳንነሣ፣ እንደ ዘወትሩ «ማን ደፋው?» አልን።

መልስ የለም። «እኔ አይደለሁም» የሚል የለም፤ የሚመሰክርም የለም። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምተን አናውቅም ነበርና ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተነሣን።

ታናሹ ልጃችን ውኃ ሊጠጣ ተነሥቶ ኖሯል፤ በእርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጦ እንደ ሰከረ ሰው ራሱን ያወዛውዛል። ታላቂቱ አስመልሳለች። እናታችን ግድግዳውን ይዘው ሊነሡ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። መካከለኛው ግን ስንጠራው አልሰማም፤ ስንነቀንቀውም አልነቃም። ተሸክመን ወደ ደጅ አወጣናቸው። ስንማረርበት የኖርነው የደብረ ብርሃን ብርድ በዚያ ሌሊት ባለውለታችን ሆነ፤ ልጁ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው አቃሰተ፤ ቀጥሎም አለቀሰ። ልቅሶ እንዲህ ደስ ያሰኛል ብለን አስበን አናውቅም። ጎረቤቶቻችን ደርሰው ወደ ሆስፒታል ወሰዱን፤ ለሁሉም ኦክስጅን ተሰጣቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ሁሉም በየአልጋቸው ተቀምጠው ዳቦ ይጠይቁ ጀመር።

ሐኪሙ ያስረዳን ነገር በየቤቱ ቢታወቅ መልካም ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይንም አያቃጥል። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እርሱን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ይታፈናል። ፍሙ ሲቀላ የሚጠፋው ጭሱ እንጂ ጋዙ አይደለም። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ተነሥቶ ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ የተኛው ግን ምልክቱንም አይሰማ። የሣር ቤቱ ጭስስ ደግ ነው ወይ ብትሉ፣ እርሱም ቢሆን ሳንባን ይጎዳል፤ የዓይን ሞራን ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱም የምድጃ ጭስ እንደ ሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ። በአንኮበሩ ቤት በአንድ ሌሊት ያልተወሰደው ነገር፣ በሰባ ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ከዓይናቸው ተወስዷል ማለት ነው።

ልጆቹ በሦስተኛው ቀን ነገሩን ረሱት። እናታችን ግን አልረሱትም። እህል አንድ ሁለት ጉርሻ ብለው ይተዋሉ፤ ልጆቹን መታቀፍ ፈሩ፤ እሳት ወዳለበት አይቀርቡም። አንድ ማታ ከሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ወደ አገሬ ስደዱኝ። ዓይን የሌለው ሰው ሕፃናት ካሉበት ቤት ምን ይሠራል? ልፈጃቸው ነበር እኮ» አሉ። ፍሙ ከዓይናቸው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ጤነኛ ዓይን ያለውም ሰው ሊያየው የማይችለው ነገር እንደ ሆነ ብናስረዳቸው አልተቀበሉንም። አንኮበር የሚጠብቃቸው ባዶ ቤትና ክረምት ነው፤ ይህን እኛም እርሳቸውም እናውቃለን። ስለዚህ የምንለው ሲጠፋን ዝም አልን። እርሳቸውም ጥቂት ቆይተው፣ «ለነገሩ ሳልሳለም አልሄድም፤ በዚያ ሌሊት ሐይቅ እስጢፋኖስን ተስያለሁ» አሉ።

ስእለቱ አንድ ጃንጥላ፣ ጧፍና ዕጣን ነበር። ለምን ሐይቅን እንደ መረጡ አልጠየቅናቸውም፤ ለሸዋ ሰው ግልጽ ነውና። በቡልጋ ኢቲሳ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቁ መምህር ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ዓመታት ተቀምጠው ተምረዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን መካከል አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ይህ ገዳም የብዙ መነኮሳት መምህር ቤት ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለገዳሙ የተጻፈው፣ ዘመኑን በራሱ የሚናገረው ወንጌልም እስከ ዛሬ ስሙን አስጠርቶታል።

በጥር ወር የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጾመ ነነዌ ሳይገባ፣ ከጽዋ ማኅበራችን ባልንጀሮች ጋር አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ተነሣን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋቢ፣ ሹራብ፣ ካፖርት ደራርበን ከወጣን በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ ታናሹ ልጃችን በጨለማው መካከል የስእለቱን ጃንጥላ ዘረጋው። የጃንጥላው ዘርፍ የሾፌሩን ጆሮ ነካው፤ ሾፌሩም «በስመ አብ!» ብሎ ጮኸ። ከዋሻው ስንወጣ ሁላችን እየሳቅን ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ እናታችን ሲስቁ ያየናቸው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የደብረ ሲና ቁልቁለት ጠመዝማዛ ስለ ሆነ ሳቁ አልዘለቀም፤ መካከለኛው አስመለሰ፤ ታናሹም ወንድሙን አይቶ አስመለሰ፤ ሎሚ እያሸተቱ ሸዋ ሮቢት ደረሱ። በዚያ ሙቀት ጋቢና ካፖርታችንን ታቅፈን ስንወርድ ያየን ሕዝብ ከየት እንደ መጣን ለመጠየቅ አላስፈለገውም። በዚያ ቀን ደሴ አደርን።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ውኃው ስንቃረብ ከሁላችን ቀድመው ያወቁት እናታችን ናቸው። «ደርሰናል መሰለኝ፤ ነፋሱ ረጠበ» አሉ። ልጆቻችን ከበረሳ ወንዝ የበለጠ ውኃ አይተው አያውቁም፤ በረሳም ቢሆን በጥር የሚታየው ድንጋዩ ነው። አሁን ግን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ውኃ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ታላቂቱ ለአያቷ ልትነግራቸው ብትሞክር ቃል አጠራት፤ «እማማ፣ ሰማዩ ወርዶ የተኛ ይመስላል» አለች። መካከለኛው ባልዲ መቁጠር ጀምሮ ተወው። እናታችን፣ «እኔም ብርሃኑ ይታየኛል፤ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ነው» አሉ።

ታናሹ ግን ከዳርቻው ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የእኛኑ ድምፅ አስመስሎ፦

«ይኼን ሁሉ ውኃ ማን ደፋው?» አለ።

የማኅበሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። እናታችን አልሳቁም፤ እንደ ቁም ነገር ቆጥረው ጥቂት አሰቡና፣ «ባለቤቱ ነው፣ የኔ ጌታ። እርሱ ሲደፋ ልክ ያውቃል» አሉት።

«ተቈጡት?»

«ማን ይቈጣዋል!»

ልጁ ይህ መልስ ፍትሕ የጎደለው መስሎ ታይቶታል፤ ፊቱ ይናገር ነበር። (ዛሬ ይህን ቀን ስንነግረው አንዳች ነገር አላስታውስም ይላል፤ እርሱ የሚያስታውሰው የሎሚውን ሽታ ብቻ ነው።)

በገዳሙ በር ለሁለት ተከፈልን። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘ ምድር ላይ ያለ ሲሆን፣ የሚገባው ወንድ ብቻ ነው። አባትየው ስእለቱንና መካከለኛውን ልጅ ይዞ ገባ፤ እናትየው፣ አያት፣ ታላቂቱና ታናሹ ከደጅ ቀሩ። ታላቂቱ ይህን አስቀድማ አልሰማችም ነበርና፣ «ሽምብራ በአፍንጫው የከተተው ገብቶ እኔ የማልገባው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። የገዳም ሥርዓት መሆኑን፣ መነኮሳቱ ከዓለም ተለይተው የሚኖሩበት መሆኑን ነገርናት። አያቷም፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ስሳለም ኖርሁ፤ ከደጅ ቆሜ ተሰምቶልኛል፤ ይኸው አንቺም አለሽ» አሏት። ልጅቷ አያቷን አክብራ ዝም አለች፤ አልረካችም ግን። በየጊዜው እያነሣች ትጠይቀናለች፤ እኛም እንዳትጠይቅ አንከለክላትም።

ከደጁ ተሳልመው ወደ ዳርቻው ሲመለሱ፣ እናታችን ቆም ብለው መቀነታቸውን ፈቱ። የአንኮበር ሴት መቀነት ረጅም ነው፤ አንዱን ጫፍ በታናሹ ወገብ፣ ሌላውን በገዛ እጃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው አሰሩት። ከማኅበርተኞቻችን አንዷ፣ «እማማ፣ እንደ ጠቦት አሰሩት እኮ!» ብትላቸው፣ «ዓይኔ ባያየው እጄ ያየዋል» አሏት። እስከ ቀትር በኋላ በዚያው ሁኔታ ተቀመጡ። ልጁ ወደ ውኃው ሲሮጥ መቀነቱ ይወጠራል፤ እርሳቸውም ሳይነሡ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ጥቂት ጥቂት ይስቡታል። እኛ ከኅዳር ወዲህ ያን ልጅ እንዲህ ሳይፈሩ ሲይዙት አላየንም ነበር። አባትየውም ከገዳሙ ሲመለስ ይህን አይቶ ሊናገር የመጣበትን ረስቶ ቆመ።

ምሳችንን ከዳርቻው በላን፤ የሐይቁ ቆሮሶ ተጠብሶ መጣልን፤ አጥንቱን መልቀም ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። የመካከለኛው ልጅ አንድ ጫማም ወደ ውኃው ገብቶ ቀረ፤ ማን እንደ ጣለው አልጠየቅንም። አገሬው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚተርከውንም ከአንድ ሽማግሌ ሰማን፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ አዝና ሳለች፣ እግዚአብሔር ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ወደ ውኃ ለወጠው፤ እርስዋ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። ታላቂቱ ይህን በጥሞና ሰማች። ከዚያም፣ «ደሴቱ የሴትዮዋ ነበር ማለት ነው» አለች። ሽማግሌው ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ውኃው ተመለከቱ።

ስንመለስ፣ ከኮምቦልቻ አልፈን ልጆቹ ተኝተው ሳሉ እናታችን ከኋላ ወንበር፣ «ያ ሐኪም ስንት ቀን ያስተኛል?» ብለው ጠየቁ። ወደ አንኮበር ስለ መመለስ ግን አላነሡም፤ እኛም አላነሣንም።

በመጋቢት ወር የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተነሣ። ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ በማግሥቱ ፋሻው ተፈትቶ ወደ ቤት መጡ። ልጆቹ በበሩ ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ ቀድመው እርሱን እንዲያዩ እየተገፋፋ ሲጠብቃቸው፣ እናታችን አልፈዋቸው ወደ መኝታው ክፍል ገቡ። ከኅዳሩ ሌሊት በኋላ በግድግዳው ላይ ከኮርኒሱ ሥር መተንፈሻ ቀዳዳ አስበስተን በሽቦ ወንፊት ሸፍነን ነበር፤ ስለ እርሱ ብዙ ጊዜ ነግረናቸዋል። ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩት።

«ይኼ ነው የምትሉኝ?» አሉ። «ያንሳል።»

በማግሥቱ ግንበኛ ጠራን።